ውኃ መንፈግ

በኢየሩሳሌሙ ሰፈራችን በቂርያት መናሔም የጎልፍ ሜዳ የለም፤ ዳገቱን ጥቂት ከቆፈሩት ኖራ ድንጋይ ነው። ሣር መንከባከብን የተማርኩት በቂሳርያ ነው። የእስራኤል ብቸኛው ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ እዚያ፣ በሜዲትራኒያን ዳርቻ አሸዋ ላይ፣ በ1961 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ በ2009 አሜሪካዊው ፒት ዳይ እንደ አዲስ ነደፈው። ዳይ በ1963 ስኮትላንድ ሄዶ የጥንቶቹን ሜዳዎች ካየ በኋላ አሠራሩን የለወጠ ሰው ነው።

እዚያ ያየው ሊንክስ በባሕርና በእርሻ መካከል ያለ፣ ዛፍ የማይበቅልበት አሸዋማ ግጦሽ ነው። ጉብታውን የከመረው ነፋስ እንጂ ዶዘር አይደለም። ዝናቡ ወዲያው ይሰርጋል፤ አፈሩ ስስ ስለሆነ ሣሩም ቀጭን ነው። በበጋ ይነጣል፣ መሬቱም ይጠነክራል። ያን ጊዜ ተጫዋቹ ኳሷን ከባንዲራው ብዙ እርምጃ ቀደም ብሎ ይጥላታል፤ ተዳፋቱን ካሰላ ቀሪውን መንገድ ራሷ ተንከባልላ ትደርሳለች። በጎልፍ ከዚህ የሚበልጥ ውበት አላውቅም።

ከለንደን ምዕራብ ያሉት ሄዝላንድ የሚባሉት ሜዳዎች፣ በ1901 የተከፈተውን ሰኒንግዴልን ጨምሮ፣ ከባሕር ቢርቁም አሸዋማ ናቸው። ጠርዛቸውን የሚያለብሰው ሄዘር የተባለው ሐምራዊ ቁጥቋጦ የስሜን ተራሮች አስታ ዘመድ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያጠፋው ደግነት ነው። ውኃና ማዳበሪያ ሲበዛ ሥር ወደ ታች መውረዱን ይተዋል፤ ወፍራሙ ሣር ቀጭኑን ይውጠዋል። በስኮትላንድ የሴንት አንድሩስን አሮጌ ሜዳ እስከ 1903 ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል የጠበቀው ቶም ሞሪስ ዋና መድኃኒቱ አሸዋ መበተን ነበር። ያ ሜዳ ዛሬም እሑድ ለጨዋታ ይዘጋል፤ ሕዝቡ ይንሸራሸርበታል፣ ሣሩም ያርፋል። እኛ አይሁድ ደግሞ ሽሚታ የሚባል የምድር ዕረፍት ዓመት አለን፦ በሰባተኛው ዓመት ተክል እንዳይሞት ማጠጣት ይፈቀዳል፣ እንዲፋፋ ማጠጣት ግን አይፈቀድም። በ2021 መስከረም በገባው ሽሚታ የኢየሩሳሌምን አትክልት ቦታ ስንከባከብ፣ እጄ የሠራው የሊንክስ ጠባቂ ሥራ ነበር።

ነሐሴ ላይ አብረውኝ የሚሠሩ ወጣቶች «ጋሼ፣ ሣሩ ሞተ እኮ!» ይሉኛል። ቢላዋ አስገብተው አንድ ቁራጭ እንዲያነሡ አደርጋለሁ። ሥሩ ነጭና ረጅም ከሆነ ውኃው ይቆያል። ጠቁሮ ከተበጠሰ፣ ሳይነጋ፣ አንድ ጊዜ በደንብ እናጠጣለን።