የሐሙስ ፍጥረትና የጣና ዓሣ፤ ስለ ዓለም አመጣጥ ለሚደረገው ክርክር የተሰጠ ሐተታ

ዓለም እንዴት ተገኘ፥ ሕይወት ያለውስ ሁሉ እንዴት በየወገኑ ሆነ የሚለው ክርክር ከከተማ አልፎ እስከ ፎገራ ሜዳ ደርሷል። ከሐሙሲትና ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ለትምህርት የሚሄደው ወጣት ከኦሪት የሰማውንና ከሳይንስ መጽሐፍ ያነበበውን ይዞ ወደ ካህኑ ይመጣል። ተከራካሪዎቹ ግን ምስክር ሳይሰሙ ይፈርዳሉ። አንዱ፦ የጥንት ዐፅም ተገኝቷልና ፈጣሪ የለም ይላል። ሁለተኛው፦ ፈጣሪ አለና ዐፅሙ ሐሰት ነው ይላል። የሁለቱም ፍርድ ጠማማ ነው። ስለ ምን ቢሉ፥ ሁለት ጥያቄዎችን አንድ አድርገዋልና።

አበው ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት በሁለት ይከፍላሉ። አንዱ እምኀበ አልቦ፥ ካለመኖር ወደ መኖር የመጣው ነው፤ አራቱ ባሕርያት፥ እሳት፥ ነፋስ፥ ውኃና መሬት፥ ከዚህ ይቈጠራሉ። ሁለተኛው ግብር እምግብር፥ አስቀድሞ ከተፈጠረው የተገኘው ነው፤ በሐሙስ ከውኃ የተገኙት ዓሦች ከዚህ ናቸው። እንግዲህ የዓለም መጀመሪያ ጥያቄ ወደ ፊተኛው፥ የወገኖች መለያየት ጥያቄ ወደ ኋለኛው ይቀርባል።

ስለ ፊተኛው ብዙ የመረመሩት የቤልጅጉ ቄስ ዦርዥ ለሜትር ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1927 ኅዋ እየሰፋ እንደሚሄድ ጻፉ፤ በ1931ም ዓለም እጅግ ከታመቀ ጅማሬ እንደ ወጣ አስረዱ። ኤድዊን ሃብል በ1929 ጋላክሲ የሚባሉት የከዋክብት ማኅበሮች በራቁ መጠን ፈጥነው እንደሚሸሹ አሳየ። በ1965ም ከሰማይ ማዕዘን ሁሉ የሚመጣ የጥንቱ ሙቀት ቅሬታ መገኘቱ ታወቀ። ዘመኑም ወደ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ይቈጠራል። በ1951 የሮማው ፓፓ ፒዮስ 12ኛ ይህን ለፍጥረት ማስረጃ አድርገው በተናገሩ ጊዜ ለሜትር ራሳቸው አልወደዱትም። መሣሪያ የሚለካው ካለ በኋላ ያለውን ነው እንጂ ካለመኖር መምጣትን አይደለምና። ሳይንስ መጽሐፍን አጸደቀ ብሎ የሚደሰት ካህንም ሳይንሱ ነገ ሲታረም መጽሐፉ የታረመ ያስመስላል።

የኋለኛው ምስክር ግን ሩቅ አይደለም። በሐሙሲትና በወረታ መካከል የጉማራ ወንዝ ወደ ጣና ይወርዳል። በሐይቁ ነጭ ዓሣ የሚባለውን፥ መርማሪዎች ላቤዎባርበስ የሚሉትን፥ አንዳንዶች እንደ አንድ ወገን ቈጥረውት ነበር። የሆላንድ ሰዎች ናግልከርከና ሲቢንግ ግን በ1990ዎቹ መርምረው 15 ወገን ለዩ። አብዛኞቹ በሌላ ሐይቅ አይገኙም፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሣ ለይቷቸዋልና። ስምንቱ ሌላውን ዓሣ ይበላሉ፤ የቀሩት ሌላ ሌላ ምግብ አላቸው፤ አፋቸውም እንደ ምግባቸው ተለያይቷል። ከፊሎቹ በክረምት በጉማራና በርብ ሽቅብ ወጥተው ይራባሉ። መርማሪዎቹ እነዚህ ሁሉ ከአንድ ዘር ተነሥተው በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንደ ተለያዩ ይመሰክራሉ።

ይህ የሐሙስን ፍጥረት አያፈርስምን ቢሉ፥ አያፈርስም። ኦሪት ውኃ ሕያዋንን እንድታስገኝ መታዘዟን ይናገራል፤ ትእዛዙ በውኃው ውስጥ በምን መንገድ እንደ ሠራ ግን አይተነትንም። ፀሐይም በረቡዕ ተፈጥሯልና ከእርሱ በፊት ያሉት ዕለታት በእኛ ፀሐይ አልተሰፈሩም። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያም ሙሴ የምድርን ዙሪያ መጠን ያልጻፈው ለነፍስ የማይጠቅም ስለ ሆነ ነው ብሎ አስተምሯል። ነገር ግን አበው የጣናን ዓሣ ነገር አስቀድመው ጽፈውታል ማለትም አይገባም። ግብር እምግብር ሲሉ ወገን ከወገን መውጣቱን አላስተማሩም፤ ለመርማሪ በር አልዘጉም ማለት ብቻ ነው።

የሰው ነገር ከዚህ ይከብዳል። በ1974 በአፋር በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት፥ በሁለት እግር ቀጥ ብላ የምትሄድ ነበረች። በሄርቶ ተገኝቶ በ2003 የተገለጠው የሰው ራስ ቅልም 160 ሺህ ዓመት ያህል ሆኖታል። ይህ በባሕረ ሐሳብ ከአዳም እስከ ክርስቶስ ከሚቈጠረው 5500 ዘመን ጋር እንዴት እንደሚስማማ ለጉባኤ የቀረ ጽኑ ጥያቄ ነው፤ ሸፍኖ ማለፍ መልስ አይሆንም። መርማሪውም ከአጥንት ላይ ነፍስ የለም የሚል ፍርድ ሊያወጣ አይቻለውም፤ ነፍስ በአጥንት ሚዛን አትመዘንምና።

ካህን ምስክሩን ቢክድ ጉዳቱ በራሱ ብቻ አይቀርም። ተማሪው በሚያየው ዓሣ ሐሰተኛ ሆኖ ያገኘውን መምህር በማያየው ትንሣኤ እንዴት ያምነዋል? ምስክሩም እየጠፋ ነው። በ1990ዎቹ የጣና ነጭ ዓሣ ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ያህል ጐድሎ ተገኝቷል፤ ዋናው ምክንያት ሊራባ ወደ ወንዝ ሲወጣ በወንዙ አፍ በመረብ መያዙ ነው። የሐሙስ ፍጥረት እንዴት እንደ ተገኘ የሚከራከሩ ሁለቱ ወገኖች፥ በክረምት በጉማራ አፍ መረብ እንዳይጣል በአንድነት ቢመክሩ፥ አንዱ የፈጣሪውን ሥራ ሁለተኛው የጥናቱን ማስረጃ ባተረፈ ነበር።