ቅንየትና ተልእኮ፤ ስለ ጥምቀት ጥሪ የተሰጠ አንድ ትርጓሜ ሲመረመር

ከቤይሩት ተመልሰው ወደ ገዳማችን ለመሳለም ከሚመጡት እኅቶቻችን አንድ ምክር ደጋግመን እንሰማለን። ይኸውም፤ «የተጠመቀ ክርስቲያን ለማገልገል የተጠራ ነውና፤ አሠሪሽ ደመወዝሽን ቢከለክልሽ፣ በር ቢዘጋብሽም፣ ታግሠሽ አገልግዪ፤ ይህ የጥምቀትሽ ዕዳ ነው» የሚል ነው። መካሪዎቹ በቅን ልብ እንደ ተናገሩት አንጠራጠርም። ነገር ግን ትርጓሜው የቃሉን ምሥጢር የሳተ፣ በተበደለውም ላይ ሸክም የሚጨምር ስለ ኾነ ሊመረመር ይገባዋል።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከቋንቋ ነው። ባማርኛ «ማገልገል» የምንለውን ግእዝ በኹለት ግሶች ይለየዋል። «ተቀንየ» ማለት ተገዛ፣ በሌላው ሥልጣን ሥር ኾኖ ደከመ ማለት ነው፤ አድራጊው «ቀነየ» ገዛ፣ አስገበረ ይላል። «ተለአከ» ግን «ለአከ» (ላከ) ከሚለው የተገኘ ሲኾን፤ የተላከበትን ፈጸመ፣ ረዳ፣ አገለገለ ማለት ነው። ዲያቆኑ ላእክ፣ በቅዳሴ የሚቆሙት አምስቱም ልዑካን መባላቸው ከዚህ የተነሣ ነው። በርግጥ «ተቀንየ» ለአምልኮም ይነገራል፤ ቅኔያችንም የወጣው ከዚሁ ግስ ነው። ኾኖም እንዲህ ያለው መገዛት በፈቃድ ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ነው እንጂ ሰው ከሰው በግድ የሚወስደው አይደለም። እንግዲህ መካሪው የተልእኮን ክብር ለቅንየት ቀንበር ሰጠው።

የጥምቀት ሥርዓትም ይህንኑ ይመሰክራል። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ለጥምቀት ሲቀርቡ፤ የክርስትና አባት ወይም እናት ስለ ሕፃኑ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ መልሰው ሰይጣንን ይክዳሉ፤ ወደ ምሥራቅም ዞረው በሥላሴ ያምናሉ። የሴቲቱም የክርስትና ስም አመተ ሥላሴ ወይም ወለተ ማርያም ይባላል። አመት ገረድ፣ ወለት ልጅ ማለት ነው። ለአምላክ ገረድ የኾነች በዚያው ውሃ ልጅነትን ታገኛለች። ጥምቀት ባለቤቷን ከነገረን በኋላ፤ ሌላ ባለቤት ሊሾምባት የሚችል ማን ነው?

ለዚህ ነገር ትልቁ ምስክር የአገራችን የመጀመሪያው ጳጳስ ነው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ፍሬምናጦስ የጢሮስ ሰው ነበረ፤ ጢሮስም ዛሬ በሊባኖስ፣ ከቤይሩት በስተ ደቡብ በባሕር ዳር ትገኛለች። ሩፊኖስ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ እንደ ተረከው፤ በ4ኛው መቶ ዓመት ከኤዴስዮስ ጋር ገና በልጅነቱ ተማርኮ ወደ ንጉሡ ቤት ገባ። ኤዴስዮስ ጠጅ አሳላፊ፣ እርሱም የግምጃ ቤትና የጽሕፈት ኀላፊ ኾኑ። ንጉሡ ሊሞት ሲል ነጻ አወጣቸው፤ ንግሥቲቱም ለምናቸው ልጇ እስኪያድግ ድረስ ረዷት። ከዚያም ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመለሰ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለኢትዮጵያ ጳጳስ ይላክ ሲል አትናቴዎስን ለመነ፤ ራሱም ተሹሞ ተላከ። በምርኮ የሠራው ቅንየት ነበረ፤ ነጻ ወጥቶ የተመለሰበት ግን ተልእኮ ነው። ሰውዬው አንድ፣ አገሩም አንድ ነው፤ የተለየው ፈቃድ ነው።

ዛሬ መንገዱ ተገልብጧል። አባታችን ከተነሣበት ባሕር ዳርቻ የእኛ ሴቶች ልጆች በሰው ቤት ይሠራሉ። ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ነው፤ በ1939 ዓ.ም. የወጣው የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግም የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። በ2012 ዓ.ም. የአገሩ ገንዘብ በወደቀ ጊዜ፤ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ብዙ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በቤይሩት ዳርቻ በሐዝሚየ፣ በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ፣ ከነሻንጣቸው ጥለዋቸው ሄዱ። ሐምሌ 28 ቀንም በወደቡ የደረሰው ፍንዳታ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። በዚያ ወራት «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለው፣ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀድሞ ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞች ራሳቸው ያቋቋሙት ማኅበር፣ ርዳታ እየለመነ ለተጣሉት ምግብ አደለ። ማኅበሩ የቤተ ክርስቲያን አይደለም። ነገር ግን ማንም ሳያስገድዳት፣ ራሷ ስደተኛ ስትኾን፣ ለተራበችው እኅቷ እንጀራ የተሸከመች ሴት «ተለአከት» የሚለውን ቃል ከብዙ ሰባክያን ይልቅ በትክክል ተርጕማዋለች።

ጌታ ራሱ የባርያን መልክ ይዞ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቦ የለምን? የሚል ቢኖር፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ልብሱን ያኖረ፣ ማበሻውንም የታጠቀ በገዛ ፈቃዱ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም አናሲሞስን ወደ ፊልሞና ሲመልሰው፣ እንደ ወንድም እንዲቀበለው ማለደለት። መታገሥ በጎ ነው፤ ግፍን ተልእኮ ብሎ መሰየም ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ካህናት ወንድሞቻችን ከስደት የመጣች እኅት ምክር ስትሻ፣ ደመወዟን መጠየቋ፣ ከተዘጋባትም በር መውጣቷ ጥምቀቷን እንደማይቃወም ይንገሯት። ነጻ ከኾነች በኋላ ደግሞ «ወደ ማን ተላክሽ?» ብለው ይጠይቋት። ይህ ጥያቄ ለእኛም ነው። በር ያልተዘጋብን እኛ፣ በር ወደ ተዘጋባቸው ተልከናልና።