ትኩስ ወይስ ያልተጠበሰ?

ጎይ ኩዎን የተባለው የቬትናም ምግብ የተቀቀለ ሽሪምፕ፣ ቀጭን የሩዝ ፓስታና ቅጠላ ቅጠል በስስ የሩዝ ቂጣ ተጠቅልሎ፣ በማጥቀሻ የሚበላ ነው። በእንግሊዝኛ «ፍሬሽ» የሚል ቅጽል ስለሚሰጠው፣ መዝገበ ቃላትን ብቻ የሚያምን ተርጓሚ «ትኩስ ጥቅል» ይለዋል። እኛ ግን ትኩስ የምንለው በተለይ ከምጣድ የወረደውን ነው፤ ይህ ምግብ ደግሞ ሳይሞቅ ይቀርባል። «ጥሬ» ብሎ መተርጎም የባሰ ነው፤ ሽሪምፑ የሚጠቀለለው ከበሰለ በኋላ ነውና፣ እንደ ገዳሪፍ ባለ ሞቃትና ከባሕር በራቀ ከተማ ቃሉን አምኖ የሠራ ሰው ሆዱን ይታመማል። ቅጽሉ ምግቡን የሚለየው በዘይት ከሚጠበሰው ጥቅል ስለሆነ፣ «ያልተጠበሰ» ቢባል ይቃናል።

ሁለተኛው ስሕተት «የሩዝ ወረቀት» ነው። ለገዳሪፍ አንባቢ በዶካ ላይ ተስቦ የሚጋገረው የማሽላ ኪስራ ስስነቱን ከወረቀት ይልቅ ያስረዳዋል። ምስያው ግን እዚህ ላይ ይቁም፤ የሩዙ ቂጣ ጣዕም የለሽ ሲሆን፣ ኪስራ ቦክቶ ይጎመዝዛል። ስለዚህ በኪስራ የሚጠቀልል ሰው ሎሚ የበዛበትን ማጥቀሻ ትቶ የኦቾሎኒውን ይምረጥ፤ የሱዳን ደኩዋ በውሃ ሲቀጥን ከቬትናሙ የኦቾሎኒ ማጥቀሻ ብዙ አይርቅም። ሽሪምፑን የአትባራ ወንዝ ዓሣ ቢተካው ምግቡ ሌላ ይሆናል። ሌላ መሆኑን ተናግሮ ማቅረብ ግን ከሐሰተኛ ታማኝነት ይሻላል።