ማየት ማመን ነውን?

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐባዎቻቸው ላይ ይውረድ።

«ማየት ማመን ነው» እንላለን። አባባሉ ከአፋችን ስለማይለይ ትክክል መሆን አለመሆኑን ቆም ብለን የመረመርን ጥቂቶች ነን። በቤትም ሆነ በገበያ ክርክር ሲነሣ «በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ» ያለ ሰው ያሸንፋል፤ ሌላው ዝም ይላል።

ለመሆኑ ዓይን ያየው ሁሉ እውነት ነውን? ዓይን ያላየውስ ሁሉ ሐሰት ነውን? ይህ ጥያቄ የፈላስፎች ብቻ አይደለም። ገበያ የምትወጣ እናት፣ ልጁን የሚመክር አባት፣ እህል የሚሸጥ ነጋዴ፣ ሁሉም ሳያውቁት በየዕለቱ የሚመልሱት ጥያቄ ነው።

ቁርኣን በሱረቱ አን-ነሕል የሰው ልጅ ከእናቱ ማሕፀን ምንም ሳያውቅ እንደወጣ፣ አላህም መስሚያን፣ ማያንና ልብን እንደሰጠው፣ ይህም ያመሰግን ዘንድ መሆኑን ያስታውሰናል። በሱረቱል ኢስራእ ደግሞ ዕውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከታተል ከልክሎ፣ ጆሮም ዓይንም ልብም ተጠያቂዎች እንደሆኑ ያስጠነቅቃል። ውድ አንባቢያን ልብ ልንል የሚገባን፣ በሁለቱም ስፍራ ልብ ከጆሮና ከዓይን ጋር አብሮ መጠራቱን ነው። እንግዲህ የስሜት ሕዋሳት ስጦታ ብቻ አይደሉም። አማናም ናቸው።

በዚህ ጉዳይ ከተጻፉት ሁሉ ከታላላቆቹ አንዱ የኢማም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) «አል-ሙንቂዝ ሚነድ-ደላል» የተባለው መጽሐፍ ነው። ኢማሙ በ450 ዓመተ ሂጅራ (1058 እ.ኤ.አ.) ተወልደው በ505 (1111 እ.ኤ.አ.) ያለፉ ሲሆን፣ በባግዳዱ የኒዛሚያ መድረሳ መምህር ሆነው ከፍተኛ ዝና ካገኙ በኋላ በ488 ዓመተ ሂጅራ ሁሉንም ጥለው ወጥተዋል። መጽሐፉን የጻፉት በሕይወታቸው መጨረሻ አካባቢ ነው። በውስጡም እርግጠኛ ዕውቀትን ፍለጋ በወጣትነታቸው የገጠማቸውን ከባድ ጥርጣሬ ሳይደብቁ ይነግሩናል።

ኢማሙ በመጀመሪያ ለፍርድ ያቀረቡት ዓይንን ነው። ዓይን ጥላን ሲያይ ቆሟል ይላል፤ ጥላው ግን ይንቀሳቀሳል። ኮከብን ሲያይ እንደ ዲናር ሳንቲም ታናሽ ያደርገዋል፤ የሥነ ስፍር ማስረጃ ግን ከመሬት እንደሚበልጥ ያሳያል። ከዚያም ዓይንን የፈረደበትን ዐቅልን ራሱን ጠረጠሩ። በሕልማችን ያየነውን እውነት ነው ብለን ተቀብለን ስንነቃ ከንቱ ሆኖ እናገኘው የለምን? ይህ ሁኔታ ለሁለት ወር ያህል እንደ ሕመም ይዟቸው ቆየ። የዳኑትም በክርክር ሳይሆን አላህ በልባቸው ውስጥ ባኖረው ብርሃን እንደሆነ ይመሰክራሉ።

ታዲያ ይህን መጽሐፍ የሚጠቅሱ አንዳንድ ወገኖች ከመካከሉ ቆመው ይቀራሉ። «ዓይን አታላይ ነው፣ ዱንያም ሕልም ናት፤ መመርመርና መመራመር ምን ይሠራል?» ይላሉ። ኢማሙ ግን ይህን አላሉም። ስለ ጥላው የጻፉትን ደግመን ብናነብ፣ ጥላው መንቀሳቀሱ የሚታወቀው ከአንድ ሰዓት በኋላ በመመልከትና በልምድ መሆኑን ራሳቸው ይናገራሉ። ስለዚህ ዓይንን የከሰሰው ዐቅል ቢሆንም፣ ምስክር ሆኖ የቀረበው ያው ዓይን ነው። የመጀመሪያው ዓይን የቸኮለ፣ ሁለተኛው የታገሠ ከመሆኑ በቀር ልዩነት የላቸውም።

ከኢማሙ በፊት የኖረው የበስራው ተወላጅ ኢብኑል ሀይሠምም «ኪታቡል መናዚር» በተባለው ሰባት ክፍል ባለው ሥራው ይህንኑ በሌላ መንገድ አስረድቷል። ማየት ብርሃን ወደ ዓይን በመግባቱ ብቻ አያልቅም። የነገሩን መጠን፣ ርቀትና ምንነት የምንለየው ቀድሞ ከምናውቀው ጋር እያስተያየን ስንፈርድ ነው። ፍርዱ ፈጣን ስለሆነ እንደፈረድን አይታወቀንም። ብዙው ስሕተት የሚገባው በዚህ በኩል ነው።

ይህ የባግዳድና የካይሮ ነገር ብቻ እንዳይመስለን ወደ አገራችን እንምጣና በወረታ ዙሪያ የተዘረጋውን የፎገራን ሜዳ እንመልከት።

በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈሱ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለው ጥቁር አፈር በውኃ ይሸፈናል። ይህን ያየ ሰው ለብዙ ዘመን መሬቱን ውኃ የበላው፣ ለከብት ግጦሽ ካልሆነ ለእርሻ የማይረባ አድርጎ ፈረደበት። በረግረጉ ላይ የሩዝ ዘመድ የሆነ የዱር ተክል ቀድሞም ይበቅል ነበር፤ ዓይን ግን ያየው ሣር ብቻ ነው። በ1970ዎቹ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በተሳተፉበት ሙከራ ሩዝ በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ተዘራ። ዛሬ ፎገራ በሩዝ ምርት በአገራችን ስሙ ቀድሞ የሚነሣ ሆኗል። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም መቀመጫው ወረታ ነው። ውኃው ያው ውኃ፣ ዓይኑም ያው ዓይን ነው። የተለወጠው ሰው ቀድሞ ያውቀው የነበረው ነገር ነው።

ተቃራኒውም አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. በጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እምቦጭ አረንጓዴ ቅጠልና ሐምራዊ አበባ ያለው፣ ዓይንን የሚማርክ ተክል ነው። የፎገራ ዳርቻም ከተጎዱት አንዱ ነው። ያ ውበት የጀልባን መንገድ ዘግቶ፣ ዓሣ አጥማጁን አስቸግሮ፣ የከብቱን ግጦሽ ወርሮ፣ በ2013 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ለነቀላ እስከመሰለፍ አድርሷል።

ምላስስ? በፎገራና በደንቢያ ጓያ የድሃ ምግብ ሆኖ ኖሯል። ዝናብ ቢጠፋም ውኃ ቢተኛበትም ጓያ ይበቅላልና በችግር ጊዜ ሕዝብን ያተረፈ እህል ነው። ጣዕሙ መልካም ነው፤ ሽታውም አያስጠረጥርም። ነገር ግን ለተከታታይ ወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ በፍሬው ውስጥ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር እግርን ያሽመደምዳል፤ ከያዘ በኋላም አይድንም። በእነዚሁ ሁለት አካባቢዎች ቤት ለቤት ተካሂዶ በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከሺህ ሰው ስድስት ያህሉ በዚህ ሕመም ተይዘው ማግኘቱን ገልጿል። ይበልጥ የተጎዱትም ወንዶች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ገበሬው ላቦራቶሪ ሳይኖረው ጓያ እግር እንደሚያሽመደምድ ዐውቋል። የነገረው ምላሱ አይደለም፤ ስንት ክረምት አብረው ያሳለፉ ጎረቤቶች ያዩትን ለእርስ በርስ በመንገራቸው ነው። ነገር ግን ብዙዎች ጥፋተኛው በሚቀቀልበት ጊዜ የሚወጣው እንፋሎት ወይም ገለባው ነው ብለው ያምኑ ነበር። ዓይን የሚያየው እንፋሎቱን ነዋ! እንፋሎቱን የሸሸ ሰው እህሉን ያለ ሥጋት እየበላ ሊጎዳ ችሏል። ስለዚህ የሕዝቡ ልምድ ዋናውን ነገር ሲያገኝ፣ ዝርዝሩን ለማረም ደግሞ የተመራማሪ ትዕግሥት አስፈለገ። አንዱ ያለ ሌላው ባልበቃ ነበር።

በዚህ ምክንያት የኢማም አል-ገዛሊን ታላቅነት እያከበርን በመጽሐፋቸው ላይ አንድ አስተያየት ብናቀርብ ከአደብ መውጣት አይሆንብንም። በጥርጣሬው ምዕራፍ ውስጥ ያለው ሰው ብቻውን ነው። አንድ ዓይን፣ አንድ ጥላ፣ አንድ ኮከብ። እኛ ግን ዓለምን የምናውቀው ብቻችንን አይደለም። «ያላየሁትን አላምንም» የሚለውን ወጣት የተወለድክበትን ቀን በምን ዐወቅህ ብንለው ከእናቴ ሰምቼ ነው ከማለት ሌላ መልስ የለውም። ኢማሙም ይህን አላጡትም። በዚያው መጽሐፍ ወደ ኋላ ላይ ስለ ነቢይነት ሲያስረዱ ሰው እርግጠኛ የሚሆነው በራሱ በማየት ወይም ከብዙዎች በተያያዘ ወሬ፣ በተዋቱር፣ እንደሆነ ጽፈዋል። ይህ ሐሳብ በጥርጣሬው ምዕራፍ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ብዙ አንባቢ ከመካከል ባልቀረ ነበር።

አብዛኛውን ዕውቀታችንን ያገኘነው በሌላ ሰው ዓይን ከሆነ፣ ጥያቄው ዓይናችን ምን ያህል ያያል የሚለው ብቻ አይሆንም። ያ ሌላ ሰው ታማኝ ነውን? የሚለው ይከተላል። የሥነ ምግባር ጉዳይ ወደ ዕውቀት የሚገባው በዚህ በር ነው።

ለዚህ ከዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በመዲና በንጋት ጊዜ ሁለት አዛን ይደረግ ነበር። ቢላል (ረ.ዐ.) ገና ሌሊት ሳለ ያሰማሉ፤ ሱሑር የሚበላው ሰው የሚያቆመው ግን በኢብኑ ኡሙ መክቱም አዛን ነበር። እኚህ ሶሐባ ዓይነ ስውር ነበሩ። በቡኻሪ ዘገባ እንደተላለፈው ነግቷል ብለው ሰዎች እስኪነግሯቸው ድረስ አዛን አያደርጉም ነበር። እስቲ እናስተውል! የንጋት ወገግታ በዓይን የሚለይ ነገር ነው። ዓይናሞቹ ጾማቸውን የሚይዙት ግን በዓይነ ስውሩ ድምፅ ነው። ይህ ሊሆን የቻለው የሚነግሯቸው ሰዎች እውነተኞች፣ እሳቸውም በተነገራቸው ላይ የማይጨምሩ በመሆናቸው ነው። በዚያች ከተማ አንድ ውሸታም ቢገኝ ኖሮ የሕዝቡ ሁሉ ጾም በተበላሸ ነበር።

አሁን ወደ ገበያችን እንመለስ። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና ኢማም ሙስሊም የዘገቡት ታሪክ የታወቀ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አዩና እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ፤ ጣቶቻቸው እርጥበት አገኙ። ባለቤቱን ምን እንደሆነ ሲጠይቁት ዝናብ እንዳገኘው ተናገረ። እሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠይቀው፣ ያታለለ ሰው ከእሳቸው እንዳልሆነ አስጠነቀቁ።

ዓይን የቀረው ከክምሩ ላይ ነው። እጅ ግን ውስጥ ገባ። እጅን ወደ ውስጥ የላከው ደግሞ ለገዢው ሐቅ የነበረው መቆርቆር ነው። ነጋዴው ሐሰት ተናገረ አልተባለም፤ ዝናቡንም እሱ አላዘነበውም። ጥፋቱ የሌላውን ሰው ዓይን መጠቀሙ ነው። ገዢው ደረቁን ብቻ እንዲያይ አድርጎ ክምሩን ሠርቷልና።

ይህን ስንሰማ ያ ነጋዴ ሩቅ እንዳይመስለን። በሩዝ ከረጢት ከላይ ንጹሑን፣ ከሥር የተሰባበረውንና ጠጠር ያለበትን ማድረግ፣ ክብደት እንዲያነሣ እርጥቡን መቀላቀል፣ የሩዝ ዱቄት የገባበትን እንጀራ «የጤፍ ነው» ብሎ መሸጥ የዚያው ክምር ልጆች ናቸው። ሩዝን ከጤፍ ቀላቅሎ መጋገር በራሱ ነውር የለውም፤ ብዙ ቤተሰብ የሚኖርበት ነው። ነውሩ ስሙን መለወጥ ነው።

ወቀሳው ግን በሻጭ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። እኛ ገዢዎችስ? እንጀራን በንጣቱ እንመዝናለን። ለሩዙም ንጣት እንጂ ሌላ አንጠይቅም። ተፈትጎ በጣም የነጣ ሩዝ ከቆዳው ጋር ብዙ የሚጠቅም ንጥረ ነገር እንደሚያጣ እየታወቀ፣ ቀይ ጤፍም የብረት ማዕድን ያለው መልካም ምግብ ሆኖ ሳለ፣ «ለእንግዳ አይቀርብም» ብለን እናሳፍረዋለን። ይህን የፈረደው ምላሳችን ወይስ ሆዳችን? ሁለቱም አይደሉም። የሰው ፊት ነው። ሰው ምን ይለኛል የሚለው ሐሳብ በዓይናችን ላይ ተቀምጦ ይፈርዳል፤ እኛ ግን «አይተን» የመረጥን ይመስለናል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ከላይ የሚያደርገው ነጩን ነው። ስለዚህ በዓይን ብቻ የሚፈርድ ገዢ አታላይ ነጋዴን ያበረታታል።

ከእህል አልፈን ወደ ሰው ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ልጅ ለመዳር፣ ጎረቤት ለማመን፣ ሠራተኛ ለመቅጠር ስንነሣ ልብሱን፣ መልኩን፣ ቤቱን አይተን እንጨርሳለን። ስለ አንድ ሰው መጥፎ ወሬ ስንሰማም ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት አጣሩ ያለንን ዘንግተን ለሌላው እናቀብላለን። ከዚያ የሚጎዳው ስሙ የተነሣው ሰው ብቻ አይደለም። ከእኛ የሰሙት ሁሉ በእኛ ዓይን አይተው ተሳስተዋልና፣ ነገ ኢብኑ ኡሙ መክቱምን የሚያስፈልጉ ምስክሮች እንሆናለን ማለት አንችልም።

ስለዚህ «ማየት ማመን ነው» የሚለው አባባል ግማሽ ሐቅ ነው። ማየት የማመን መነሻ ነው። በመካከሉ መታገሥ፣ መጠየቅ፣ እጅን ወደ ውስጥ መስደድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እውነተኛ ሆኖ ለሌላው ዓይን መሆን አለ። ወላጆች ልጆቻችንን ፊደልና ቁርኣን ስናስቀራ ይህን አብረን እናስተምር። ገበያ ስንወስዳቸው ከረጢቱን ከሥሩ መመልከትን እናሳያቸው፤ የምንሸጠው ነገር ሲኖረንም እርጥቡን ከላይ ስናደርግ ይዩን። ከምንናገረው ይልቅ ያንን ያስታውሳሉ።

አላህ (ሱ.ወ.) ዓይናችንንም ጆሯችንንም ልባችንንም በተጠየቁ ጊዜ መልስ የሚኖራቸው ያድርግልን። ኣሚን። ወሏሁ አዕለም።