«አርጅቷል» ወይስ «ዕድሜ ቁጥር ነው»? በበረኞች ላይ የምንፈርደው ፍርድ ሲመዘን

ጅማ ስታዲየም ገብታችሁ ኳስ ካያችሁ ስለ አንጋፋ በረኞች ሁለት ፍርዶች ሳትሰሙ አትቀሩም። ጎል ሲገባበት «አርጅቷል፣ ይውጣ!» ይባላል። ኳስ ሲያድን ደግሞ እነዚያው ሰዎች «ዕድሜ እኮ ቁጥር ነው!» ይላሉ። ሁለቱም ለጭብጨባ ይመቻሉ፤ ሁለቱም ግን የበረኛን ሥራ በቅጡ አያዩም።

ከሁለተኛው እንጀምር። ጅማ አባ ጅፋር በፕሪሚየር ሊጉ የመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫ ያነሳው በ2010 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ 18 ቀን ግብፃዊው በረኛ ኢሳም ኤል ሃዳሪ በ45 ዓመቱ ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር ተሰልፎ በዓለም ዋንጫ የተጫወተ በዕድሜ ትልቁ ሰው ሆነ። ፍጹም ቅጣት ምትም አዳነ። «ዕድሜ ቁጥር ነው» ባዮች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ጨዋታው ግን አላቆመም፤ ሌላ ፍጹም ቅጣት ምት ገባበት፣ በመጨረሻው ደቂቃም ጎል ተቆጥሮ ግብፅ 2 ለ 1 ተሸነፈች። ያዳነውን ብቻ ነጥሎ ማስረጃ ማድረግ ሳይንስ አይደለም።

ሌላም ስህተት አለ። ጣሊያናዊው ዲኖ ዞፍ በ1974 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫን ያነሳው በ40 ዓመቱ ነው። እሺ፣ በ30 ዓመታቸው ጉልበታቸው ተጎድቶ ያቆሙትስ? ስማቸውን አናውቅም፤ ስለዚህ አንቆጥራቸውም። የተረፉትን ብቻ የቆጠረ ሰው ስለ እርጅና የተሳሳተ ስሌት ይሠራል።

ሰውነት በእርግጥ ይለወጣል። ለዝላይና ለፍንጠራ የሚያገለግሉት ፈጣን የጡንቻ ክሮች በዕድሜ እየቀጠኑ ይሄዳሉ፤ ልምምድ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። በጉልበት ውስጥ አጥንትና አጥንት እንዳይፋተጉ የሚያለሰልሰው ክፍል ደግሞ የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ሲጎዳ በቀላሉ አይጠገንም። ቁጭ ብድግ የሚበዛበት በረኛ ይህን ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ ያውቀዋል።

ታዲያ «አርጅቷል፣ ይውጣ» ትክክል ነው ማለት ነው? ቆይ፣ እናስላ። ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታው ከ11 ሜትር ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ ጎሉ ጋ ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ገደማ ይበቃታል። የሰው ዓይን አይቶ እጅ እስኪንቀሳቀስ ብቻ 0.2 ሰከንድ ያህል ያልፋል። በቀረችው 0.2 ሰከንድ ደግሞ ከመሃል እስከ ቋሚው ያለውን 3.66 ሜትር መወርወር ለ20 ዓመት ወጣትም አይቻልም። ስለዚህ ጥሩ በረኛ ኳሷ እስክትመታ አይጠብቅም፤ የመቺውን አመጣጥ፣ የቆመበትን እግር፣ የዳሌውን አዙሪት ያነባል። ይህ ንባብ የሚገኘው ደግሞ በዓመታት ነው። ዕድሜ በአንድ እጁ ይወስዳል፣ በሌላው ይሰጣል።

ይህን ራሳችሁ ሞክሩት። ጓደኛችሁ ማስመሪያ በጣቶቻችሁ መሃል ቀጥ አድርጎ ይያዝና ሳይነግራችሁ ይልቀቀው። 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ከያዛችሁት 0.2 ሰከንድ ፈጀባችሁ ማለት ነው። ከዚያ አባታችሁን ወይም አጎታችሁን ፈትኑ፤ አንዴ ሳይሆን አሥር አሥር ጊዜ። ልዩነት ካለ ምን ያህል ነው? ለጩኸታችን የሚመጥን ነው?

በሚቀጥለው ጨዋታ ደግሞ ለአሥር ደቂቃ ኳሷን ተዉና በረኛውን ብቻ እዩ። ኳሷ ከመመታቷ በፊት የት ቆሟል? ተከላካዮቹን መቼ ጠራ? ጎል ሲገባ ጠይቁ፦ ቦታው ላይ ቆሞ እጁ ዘገየ፣ ወይስ ቀድሞውንም ያለ ቦታው ነበር? የመጀመሪያው የዕድሜ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የ19 ዓመት ልጅም ሊሠራው የሚችል ስህተት ነው።

ይህ ጉዳይ የእንጀራ ጉዳይም ነው። በ«አርጅቷል» ጩኸት የተባረረ በረኛ የዓመታት ንባቡን ለማንም ሳያስተምር ይዞት ይሄዳል። በ«ዕድሜ ቁጥር ነው» የሚሸነገለው ደግሞ በታመመ ጉልበት ይቆማል፣ ከኋላው ያለው ወጣትም ተቀምጦ ይቀራል። ሁለቱም ከጩኸት ይልቅ በልኬት ቢዳኙ ይሻላቸዋል።