አድማጭ የሚከፍልለት ክርክር፦ የፓሲፊካ ሬዲዮ ሂሳዊ ዳሰሳ

ስለ አሜሪካ ተራማጅ ሬዲዮ ሲነሳ ጨዋታው ቶሎ ወደ አቋም ይሄዳል፦ የቬትናምን ጦርነት ማን ቀድሞ አወገዘ፣ የጥቁሮችን የመብት ትግል ማን ማይክሮፎን ሰጠው። የፓሲፊካን ታሪክ በዚህ ዓይን ማንበብ ይቻላል፤ ዋናው ነገር ግን ያመልጣል። የፓሲፊካ ቁም ነገር የማይስማሙ ሰዎችን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ፣ ሰዓት ሳይሰስት፣ እስኪበቃቸው እንዲከራከሩ መፍቀዱ ነው። ይህን ያስቻለው የገንዘቡ ምንጭ ነበር፤ ኋላ ላይ ያዳከመውም ያው ምንጭ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

መሥራቹ ሉዊስ ሂል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኅሊናዬ አይፈቅድም ብለው ጠመንጃ አንይዝም ካሉት አንዱ ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ በዜና አንባቢነት ስለሠራ የንግድ ሬዲዮን ከውስጥ ያውቀዋል። የፓሲፊካ ፋውንዴሽንን በ1946 አቋቋመ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ጣቢያ ኬፒኤፍኤ በኤፕሪል 1949 ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ከተማ ውስጥ ሥራ ጀመረ። ያኔ ኤፍኤም የሚይዝ ሬዲዮ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ጣቢያው በ1950 ገንዘብ አልቆበት ዝም አለ፤ አድማጮች አዋጥተው፣ ከፎርድ ፋውንዴሽንም ድጋፍ ተገኝቶ በ1951 ተመለሰ።

ሂል አስተሳሰቡን በዚያው ዓመት በጽሑፍ አስቀምጦታል። ማይክሮፎን ፊት የሚቀመጠው ሰው ለሚናገረው ነገር ራሱ ኃላፊ ካልሆነ ከሬዲዮ የልብ ንግግር አይወጣም፤ ሳሙና ሻጭ ደመወዙን እየከፈለው ደግሞ ኃላፊ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ አድማጩ ይክፈል። በአካባቢው ካሉት የኤፍኤም አድማጮች 2 በመቶው በዓመት 10 ዶላር ገደማ ቢያዋጡ ጣቢያው በእግሩ ይቆማል የሚል ስሌት ነበረው። የስሌቱ ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ያልከፈለውም እኩል ያዳምጣል፤ የከፈለውም ጣቢያው እንዲኖር ከፈለ እንጂ የሚወደውን ሐሳብ አልገዛም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፍሬ ይህን ያሳያል። ኋላ የሬጋን መከላከያ ሚኒስትር የሆነው ወግ አጥባቂው ካስፐር ዋይንበርገርና የሶቭየት ኅብረትን ጉዳይ የሚተነትነው ግራ ዘመሙ ዊልያም ማንደል በአንድ ጣቢያ ሐሳባቸውን ሰንዝረዋል። በ1954 ማሪዋና አጫሾች ስለ ልማዳቸው በግልጽ የተነጋገሩበት ፕሮግራም ተላልፎ፣ ቅጂው በካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተወሰደ። እዚህ ላይ ተራማጅ የሚባለው አንድ የተወሰነ መልስ አልነበረም፤ ጥያቄውን ሳይፈሩ ማንሳት ነበር። በ1960 የተጨመረው የኒው ዮርኩ ደብልዩቢኤአይ ቅርጹን ወደ ስልክ አሻገረው። ቦብ ፋስ ከ1963 ጀምሮ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደዋዮችን እርስ በርስ ያገናኝ ነበር። በ1971 ራሱን ለማጥፋት መድኃኒት የወሰደ ሰው ሲደውልለት፣ ያለበት እስኪገኝ ድረስ በቀጥታ ሥርጭት አነጋገረው፤ ሰውየውም ተረፈ።

ዋጋውም ከባድ ነበር። ደብልዩቢኤአይ በ1962 አንድ የቀድሞ የኤፍቢአይ ባልደረባ መሥሪያ ቤቱን ሲተች አስተላለፈ፤ የሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ኃላፊዎቹን ጠርቶ መረመረ፣ የፈቃድ እድሳቱም ተጓተተ። የሂውስተኑ ኬፒኤፍቲ በ1970 ሥራ በጀመረ በወራት ውስጥ ማሰራጫው ሁለት ጊዜ በቦምብ ተመታ፤ እጁ ያለበት ኩ ክሉክስ ክላን ነበር።

ቦምብ ያላቆመውን ክርክር ግን መዋጮ አሳሳው። የቬትናም ጦርነትና የጎዳናው ሰልፍ ሲበረታ ጣቢያዎቹ የትግሉ ድምፅ ሆኑ፤ ይህ በራሱ አያስወቅስም። ችግሩ የሂል ስሌት ያላሰበው ነገር ነው፦ ገንዘብ በሚሰበሰብበት ሳምንት ስልኩ የሚጮኸው አድማጩ ቀድሞ ያመነበትን ለሚያጠናክርለት ፕሮግራም ነው፤ የተቃራኒውን ሐሳብ ለመስማት ገንዘብ የሚልክ ጥቂት ነው። በዚህ መንገድ አስተዋዋቂው ተባርሮ ደጋፊው በቦታው ተቀመጠ።

ለዚህ ሙግት ትልቁ ፈተና በ1996 በፓሲፊካ የተጀመረው «ዴሞክራሲ ናው!» የተባለው ፕሮግራም ነው። አዘጋጇ ኤሚ ጉድማን በ2000 የምርጫ ቀን ለቅስቀሳ ወደ ደብልዩቢኤአይ የደወለውን ፕሬዚዳንት ክሊንተንን ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ኢራቅ ማዕቀብና ስለ ሞት ቅጣት አፋጠጠችው፤ እሱም አነጋገሯ ጠብ ያለበት ነው ብሎ ተቆጣ። ድንቅ ጋዜጠኝነት ነው፤ አልክድም። ያም ሆኖ ባለሥልጣንን ማፋጠጥ አንድ ነገር ነው፤ እኩል ወንበር ላይ የተቀመጡ ተቃራኒዎችን ማከራከር ሌላ። ፓሲፊካ የመጀመሪያውን እያዳበረ ሁለተኛውን ጣለ።

የፓሲፊካ የውስጥ ጠብም ከዚህ የመዋጮ ሥርዓት የተለየ ምንጭ ያለው አይመስለኝም። በ1999 ፋውንዴሽኑ የኬፒኤፍኤን ሠራተኞች በር ዘግቶ ሲያስወጣ በርክሌይ ውስጥ ሺዎች ተሰለፉ። ከፍርድ ቤት ሙግት በኋላ አድማጮች ቦርድ እንዲመርጡ የሚያደርግ ደንብ ወጣ፤ ምርጫውም ቡድን ወለደ። በኦክቶበር 2019 ፋውንዴሽኑ የደብልዩቢኤአይን የአካባቢ ፕሮግራሞች አቋርጦ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተመለሱ።

በውጭ አገር በአድማጭና በተመልካች መዋጮ ለሚኖሩት የአማርኛ መገናኛ ብዙኃን ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ማን ሲጋበዝ መዋጮው እንደሚጨምር፣ ማን ሲጋበዝ እንደሚቀንስ አዘጋጆቹ ከማንም በላይ ያውቁታል። በዚህ ርእስ ለመመራመር የሚነሳ ሰው ሎስ አንጀለስ ባለው የፓሲፊካ ሬዲዮ ቤተ መዛግብት ከቬትናም ዘመን ቅጂዎች በፊት የ1950ዎቹን ውይይቶች እንዲያዳምጥ እመክራለሁ።