ስለ ትምህርት ሴክተር ሪቪው የቀረበ ምርመራ

በ1964 ዓ.ም. ተጠንቶ ያለቀውና «የትምህርት ሴክተር ሪቪው» እየተባለ የሚጠራው ጽሑፍ በስሙ እንጂ በንባቡ አልታወቀም። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ያስነሣውን ሁከት ነው፤ ጽሑፉ ራሱ ግን እንደ ማናቸውም መጽሐፍ ተነቦ ሊመረመር ይገባዋል።

ያዘጋጁት የአገር ውስጥና የውጭ አገር ሊቃውንት ያዩት ጉድለት እውነተኛ ነበር። ትምህርት ቤቱ በከተማ ተከማችቶ የገበሬው ልጅ በደጅ ቀርቷል፤ ገብቶ የተማረውም ቢሆን ከአባቱ ሞፈርና ቀንበር የሚያርቀውን እንጂ የሚያቀርበውን አልተማረም፤ የትምህርቱም ፍጻሜ የቢሮ ወንበር መፈለግ ነበር። ስለዚህ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለሁሉ ይዳረስ፥ ትምህርቱም ከአገሩ ኑሮና ከእርሻው ጋራ ይስማማ፥ የሁለተኛው ደረጃና የከፍተኛው ትምህርት ግን በልክ ይደግ አሉ። ለጥቂቶች ብዙ ከመስጠት ለብዙዎች ጥቂት ማዳረስ ይሻላል ማለታቸው ነው። ሐሳቡ በራሱ የሚናቅ አይደለም።

ነገር ግን የጽሑፉ ሰም ይህ ሲሆን ወርቁን የፈቱት ሌሎች ናቸው። «አራት ዓመት ለሁሉ» የሚለውን ቃል የከተማው ድኻ አባት በሰማ ጊዜ «ልጅህ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም» ብሎ ፈታው፤ መምህሩም «ሸክምህ ይበዛል፥ ደመወዝህ ግን አይጨምርም» ብሎ ፈታው። አዘጋጆቹ ይህን አላሰቡ ይሆናል። ነገር ግን ኅብር ያለውን ቃል የሚናገር ሰው አድማጩ በየትኛው በኩል እንደሚፈታው አስቀድሞ ማሰብ አለበት፤ አለዚያ ቅኔው እንደ ተበላሸ ይቈጠራል።

በቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ አስቀድሞ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል፤ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ የሚወጣውም እየታረመ ነው። (ይህን ማለት የቀድሞውን ሥርዐት ያለ ልክ ለማመስገን አይደለም፤ ያ ሥርዐት ሊቃውንትን አፈራ እንጂ ሕዝቡን ሁሉ አላዳረሰም።) ሴክተር ሪቪው ግን ሳይነገርና ሳይታረም ነው የወጣው። በ1964 ያለቀው ጥናት ለሕዝብ የተገለጠው በ1966 ነው፤ በዚያ መካከል በየክፍሉ ቆመው የሚያስተምሩት መምህራን ምን እንደ ተጻፈባቸው በወሬ ብቻ ይሰሙ ነበር። የሥርዐተ ትምህርት መሪ ከዚህ የሚበልጥ ስሕተት ሊሠራ አይችልም፤ መጽሐፉን በአፉ የሚያነበው መምህሩ ነውና።

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራኑ ሥራ አቆሙ፤ በነዳጅ ዋጋ የተማረሩት ባለ ታክሲዎችም በዚያው ቀን ተነሡ። ለዐመፁ የወሎ ረኀብና የኑሮ ውድነትም ምክንያት ስለ ሆኑ ሁሉን በጽሑፉ ላይ መጫን አይገባም። ቢሆንም በዚያው ወር ዕቅዱ እንዳይፈጸም ተደረገ፤ ለገበሬው ልጅ የታሰበውም በጎ ነገር ከክፉው ጋራ አብሮ ተጣለ። ኅብረተ ሰቡን በትምህርት ለመለወጥ የተነሣ ጽሑፍ፥ ኅብረተ ሰቡ አስቀድሞ እየተለወጠ መሆኑን ሳያይ ቀረ።

የመመጠን ጥያቄ ግን አልሞተም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከዐሥረኛ ክፍል በኋላ ተማሪዎችን ወደ መሰናዶና ወደ ሙያ ሲከፍል ጥያቄው ተመልሶ መጣ፤ ረቂቁን መምህሩ አስቀድሞ አንብቦታል ወይ የሚለውም ጥያቄ ከርሱ ጋራ አብሮ መጣ።